ረቂቁ ጂኒ ግዘፍ ሲነሣ



ዛሬ በዚህ በከሚሴ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ የሚመስል፣ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ስለ ተረት ጠባይ፣ ስለ ሥዕል ኃይልና ስለ ሰው ክብር ብዙ የሚያነጋግር ነው፤ ይኸውም የአሜሪካው የዲዝኒ ኩባንያ በ1992 ዓ.ም. በሥዕል ያዘጋጀው «አላዲን» የተባለው ፊልም፣ ያው ኩባንያ ከ27 ዓመት በኋላ በ2019 ዓ.ም. በሰው ተዋንያን እንደ ገና ከሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ ኋለኛው ከፊተኛው ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጐደለ መመርመር ነው። በእኛ አቈጣጠር ነው ብዬ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር የምጠራቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ከተረት ፊልሞች ሁሉ አላዲንን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የጂኒዎች ነገርና ክርስቲያኑ ሰሎሞን፣ ሙስሊሙ ነቢዩ ሱለይማን እያለ የሚያከብረው ንጉሥ ጂኒዎችን እንደ ገዛ የሚነገረው ታሪክ ከዚህ አገር ሰው ጆሮ የራቀ አይደለም፤ ግመልና እህል፣ ጨውና ጨርቅ የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያም ከደጃችሁ ነው፤ ሴት ገዥም ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለችም። ስለዚህ የከሚሴ ተመልካች ይህን ፊልም ለመመዘን ከባሕር ማዶው ተመልካች ያነሰ ሚዛን አልያዘም፤ በአንዳንዱ ነገር እንዲያውም የበለጠ ይዟል ብዬ አምናለሁ።

የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው። በተረት ውስጥ ረቂቅ የሆነውን ነገር፣ ማለት ጂኒውን፣ አስማቱን፣ የሚበረውን ምንጣፍ፣ ሥዕል ከሰው ገላ ይልቅ አሳምሮ ይሸከመዋል፤ ግዙፍ የሆነውን፣ ማለት የሰውን ፊት፣ የሰውን ፍርድና የሰውን ሐዘን ግን ተዋናይ ከሥዕል ይልቅ አሳምሮ ይሸከመዋል፤ ከዚህም የተነሣ የ1992ቱ ፊልም ጂኒውን አክብሮ ሰዎቹን በደለ፣ የ2019ኙ ደግሞ ሰዎቹን ክሶ ጂኒውን አሳነሰ።

ወደ ፊልሞቹ ከመግባታችን በፊት ተረቱ ራሱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባናል። ብዙ ሰው የአላዲን ታሪክ የ«ሺህ አንድ ሌሊት» ጥንታዊ ክፍል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ጋላን ካሳተመው በፊት የተጻፈ የዓረብኛ ቅጂ እስካሁን አልተገኘም። ጋላን ይህን ታሪክ የሰማው በ1709 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፣ ሐና ዲያብ ከሚባል፣ ከሶርያ ከሐለብ ከመጣ የማሮናውያን ክርስቲያን ወጣት ነው፤ በ1712 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ ግን ተራኪውን በመጽሐፉ ላይ አልጠራውም። ዲያብ በእጁ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ኖሮ በዘመናችን በመታወቁ፣ ያ ወጣት ማን እንደ ነበረ አሁን በደኅና እናውቃለን። በእርሱ ተረት አላዲን የዓረብ አገር ሰው እንኳ አይደለም፤ በቻይና የሚኖር የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ ጂኒዎቹም ሁለት ናቸው፣ አንዱ የቀለበት፣ አንዱ የፋኖስ፤ ልመናውም ሦስት ብቻ ተብሎ አልተቈጠረም።

ተረት ከአገር ወደ አገር ሲሄድ ልብሱን የሚለውጥ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም አስቀድመን እናውቀዋለን። ከየመን መጥቶ በኋላ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቃው አባ ዕንባቆም በ1553 ዓ.ም. ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ፣ ሊቃውንት እንደ መሰከሩት ሥሩ በሕንድ አገር የሚነገረው የቡድሃ ታሪክ ነው፤ ብዙ ልሳናትን አቋርጦ እኛ ዘንድ ሲደርስ የክርስቲያን ቅዱሳን ዜና ሆኖ ተገኝቷል። መለወጡ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ሊመረመር የሚገባው በየደረጃው የተጨመረውና የተጣለው ነው።

ሲኒማም ቢሆን በአላዲን ላይ የሠራው ሥራ «መጀመሪያ ሥዕል፣ ከዚያ ሰው» በሚል ቀጥታ መንገድ የመጣ አይደለም። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር በ1926 ዓ.ም. የልዑል አሕመድን ጀብዱ በፊልም ስትሠራ አላዲንንም ከፋኖሱ ጋር አስገብታ፣ አካላቱን ሁሉ ከጥቁር ካርቶን በመቀስ እየቀረጸች፣ ከኋላ ብርሃን እያበራች፣ እንቅስቃሴውን አንድ አንድ ሥዕል እያነሣች አዘጋጀችው፤ ይህም ከተረፉት ረጃጅም የሥዕል ፊልሞች ሁሉ ጥንታዊው ነው። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ «የባግዳድ ሌባ» የተባለው ፊልም በሰው ተዋንያን ተሠራ፤ ጃፋር የሚባል ክፉ ወዚርና አቡ የሚባል ትንሽ ሌባ የመጡት ከዚያ ነው፤ ጂኒውንም ሬክስ ኢንግራም የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ተጫወተው። የ1992ቱ ሠዓሊዎች ከዚህ የተዋንያን ፊልም ስሞችንና ጠባዮችን ወሰዱ፤ አቡንም ዝንጀሮ አደረጉት። እንግዲህ የ2019ኙን ፊልም «ከሥዕል ወደ ሥጋ» የተደረገ ጉዞ ስንለው፣ ሥዕሉ ራሱ አስቀድሞ ከሥጋ የተቀዳ መሆኑን መርሳት የለብንም።

አሁን ወደ ጂኒው እንምጣ። በ1992ቱ ፊልም ጂኒውን ለመሣል የተሾመው ኤሪክ ጎልድበርግ፣ አል ሂርሽፌልድ የተባለውን የጋዜጣ ሠዓሊ አርኣያ አድርጎ፣ በአንድ ጠመዝማዛ መሥመር ሙሉ አካል የሚያወጣበትን ጥበብ ተከተለ፤ ድምፁን የሰጠው ሮቢን ዊልያምስ ደግሞ ከተጻፈለት ወጥቶ ከራሱ አንደበት እያመነጨ ለብዙ ሰዓት ተናገረ፤ ሠዓሊዎቹም ከዚያ መርጠው ሣሉበት። ከወገቡ በታች ጢስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አስተናጋጅ ይሆናል፣ በግ ይሆናል፣ ንብ ይሆናል፤ እጁ ከክንዱ ተለይቶ ይጨፍራል፤ ተመልካቹም «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ አይጠይቅም፣ ሥዕሉ ከመጀመሪያው «እኔ ሥዕል ነኝ» ብሎ ነግሮታልና። ይህ ከእኛ የተረት ሥርዓት ጋር በጣም የተስማማ ነው። አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጁ «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው፣ ኦሮሞው አባትም «ዱሪ ዱሪ» ብሎ የሚጀምረው፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ነገር በዓይን ምስክርነት እንዳይመረመር ሰሚና ተናጋሪ አስቀድመው የሚገቡት ኪዳን ነው፤ ኪዳኑ ከታሰረ ጦጣም ትናገራለች፣ ጅብም ይጾማል።

ከጂኒው ይልቅ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ምንጣፉ ነው። ምንጣፉ ፊት የለውም፣ አፍ የለውም፣ ያለው አራት ማዕዘን ጨርቅና በየማዕዘኑ የተንጠለጠለ ዘርፍ ብቻ ነው፤ ራንዲ ካርትራይት የተባለው ሠዓሊ እንቅስቃሴውን በእጁ ሠራ፣ በላዩ ያለውን የጥልፍ ኅብር ደግሞ ኮምፒዩተር አስቀመጠለት። ሁለቱ የታች ዘርፎች እግር፣ ሁለቱ የላይ ዘርፎች እጅ ይሆናሉ፤ ሲያዝን ከላይ በኩል እጥፍ ብሎ ዘርፎቹን ወደ መሬት ይጥላል፣ ሲያፍር ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሲደሰት ይዘላል። በየቤታችሁ ስግደት የሚሰገድበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ምንጣፍ አለና ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፍ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም፤ ያንን የምታውቁትን እጥፋት ሳይለቅ ሐዘንን ማሳየት መቻሉ ነው የሥዕል ጥበብ ልዕልና።

በ2019ኙ ፊልም ዳይሬክተሩ ጋይ ሪቺ ጂኒውን ለዊል ስሚዝ ሰጠ። ዊል ስሚዝ ታላቅ ተዋናይ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ከፋኖሱ በሚወጣበት ጊዜ ግን ኮምፒዩተሩ ጡንቻውን፣ ቆዳውን፣ የብርሃኑን ነጸብራቅ ሁሉ እውነት ለማስመሰል ስለሚደክም፣ ተመልካቹ በዚያው በእውነት ሚዛን ይመዝነዋል፤ በእውነት ሚዛን ከተመዘነ ደግሞ ጂኒ መሆኑ ይቀርና ቀለም የተቀባ ብርቱ ሰው ይሆናል። የፊልሙ ሠሪዎችም ይህን ያወቁ ይመስለኛል፣ ብዙውን ጊዜ የሰው መልክ ይዞ ልዑል መስሎ የቀረበው የአላዲን ባለሟል ሆኖ እንዲታይ አድርገዋልና፤ ዊል ስሚዝም የሚያምረው ያን ጊዜ ነው። መጨረሻውን ተመልከቱ። በፊተኛው ፊልም አላዲን የቀረችውን ልመና ለጂኒው ነጻነት ሲያውላት፣ የእጁ ሰንሰለት ይወድቃል፣ ጂኒውም ጂኒ እንደ ሆነ ዓለምን ሊዞር ይወጣል። በኋለኛው ግን ነጻ ሲወጣ ሰው ይሆናል፣ ዳልያ የተባለችውን የልዕልቲቱን ደንገጡር ያገባል፣ ልጆችም ይወልዳል፤ ፊልሙ ሲጀምር በመርከብ ላይ ለልጆቹ ተረት የሚነግረው ሰውም እርሱ ነው። ሰው ከሸክላ፣ ጂኒ ከእሳት ነበልባል መፈጠሩን በቁርኣን ለተማረ የዚህ አገር ልጅ ይህ ፍጻሜ እንግዳ ይሆንበታል። ተረት ለሃይማኖት ትምህርት ይገዛ ማለቴ አይደለም፤ ማለቴ፣ የተዋንያኑ ፊልም ረቂቁን ፍጥረት እንደ ረቂቅነቱ ሊሸከመው ስላልቻለ ሰው አድርጎት አረፈ ነው፤ ነጻነትም ሰው በመሆን መጠን ተለካ፣ የጂኒው የራሱ ታላቅነትም ተረሳ።

እስካሁን ለሥዕሉ ፈረድሁ። ስለ ሰዎቹ ስናወራ ግን ፍርዱ ይገለበጣል።

የ1992ቱ ፊልም ገና ሲከፈት በሚሰማው ዘፈን ውስጥ፣ በዓረቦች አገር የሰው መልክ ካላስደሰታቸው ጆሮ እንደሚቈርጡ የሚናገር ቃል ነበረበት፤ የዓረብ ተወላጅ አሜሪካውያን ማኅበር ተቃውሞ ስላቀረበ በ1993 ዓ.ም. ለቤት መመልከቻ በወጣው ቅጂ ያ ቃል ተለወጠ፣ አገሩን አረመኔ የሚለው ቃል ግን እስከ 2019ኙ ፊልም ድረስ አልተነሣም። አላዲንና ልዕልቲቱ ያስሚን ራሳቸው እንደ አሜሪካ ወጣቶች ይናገራሉ፣ የአላዲንም መልክ ሲሣል ከታሰቡት ሰዎች አንዱ ቶም ክሩዝ ነበር፤ የባዕድ አነጋገርና የተጣመመ አፍንጫ የተሰጠው ለወታደሮቹና ለነጋዴዎቹ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የገበያው ፍርድ ነው። ልዕልቲቱ ለተራበ ሕፃን ፍሬ አንሥታ ብትሰጥ፣ ባለ ሱቁ እጇን ይዞ ገበታው ላይ አስቀምጦ ሰይፉን ያነሣል። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ፈጻሚውም አንድ ነጋዴ ነው! በእስልምና ሕግ እንዲህ ያለው ቅጣት የቃዲ ፍርድ፣ ምስክርና ብዙ ሁኔታ የሚጠይቅ መሆኑን፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብን ኸጧብም በድርቁ ዓመት ሕዝብ በተራበ ጊዜ ይህንኑ ቅጣት ማገዳቸው እንደሚተረክ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ፤ ረኀብ ባየ አገር ይህ ታሪክ ለምን እንደሚከበር መናገር አያሻም። ሠዓሊው ለሣቅ ብሎ የሣለው ያ ሰይፍ፣ ያን ሁሉ የሕግና የርኅራኄ ታሪክ በአንድ ቅጽበት ሠርዞ፣ በብዙ አገር ባሉ ሕፃናት ዓይን ፊት ሌላ ሥዕል አኖረበት። በ2019ኙ ፊልም ሰይፉ ቀርቷል፤ ልዕልቲቱ ዳቦ ትሰጣለች፣ ነጋዴውም ዋጋውን በእጇ አምባር ሊያስከፍላት ይሞክራል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከፊልሙ ማሻሻያዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እላለሁ።

ተዋንያኑም ከዚያው ከምሥራቁ ዓለም የወጡ ናቸው። አላዲን የሆነው ሜና ማሱድ ካይሮ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ግብጻዊ ነው፤ ያስሚን የሆነችው ናኦሚ ስኮት እናቷ ከዩጋንዳ የመጣች የሕንድ ዘር ናት፤ ሡልጣኑን የተጫወተው ናቪድ ነጋህባን የኢራን ተወላጅ፣ ጃፋርን የተጫወተው ማርዋን ኬንዛሪ ከቱኒዚያ ወላጆች የተገኘ ሆላንዳዊ ነው። የበረሓው ሥዕል በዮርዳኖስ፣ በዋዲ ረም ተነሥቷል። ከተማው ግን እንግሊዝ አገር በስቱዲዮ ግቢ የተገነባ ነው፤ የሕንድ፣ የቱርክና የሞሮኮ ልብስ በአንድ ጎዳና ተደባልቆ ይታይበታል፤ ባቲን የሚያውቅ ሰው ይህን ገበያ ሲያይ፣ ዋጋ የሚከራከር፣ ጨው የሚያገላብጥ፣ ግመሉን አንበርክኮ የሚያራግፍ ሰው አጥቶ፣ ሰዉ ሁሉ ለዘፈኑ ቦታ ሊለቅ የቆመ መሆኑን ያስተውላል።

ያስሚንን በተመለከተ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በፊተኛው ፊልም ልዕልት ልዑልን ብቻ እንድታገባ የሚያዝዘውን ሕግ በመጨረሻ የሚለውጠው አባቷ ነው፤ በኋለኛው ግን ያስሚን ራሷ ሡልጣን ልትሆን ትመኛለች፣ የጦሩን አለቃ ሐኪምን በቃል ተከራክራ ከጃፋር ወገን ታስመልሰዋለች፣ ሥልጣኑንም ተቀብላ ሕጉን በራሷ እጅ ትለውጣለች። የባሕር ማዶ ሰዎች ይህን የዘመኑ ፈጠራ ነው ብለው አንዳንዱ አመሰገነው፣ አንዳንዱ ነቀፈው። የወሎ ሰው ግን ወይዘሮ ወርቂትን ያስታውሳል። በእኛ አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ሲሸሽ፣ የወረ ሂማኖ ገዥ የነበረችው ወርቂት፣ ልጇ በዚያው በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ሳለ፣ ስደተኛውን ተቀብላ አሳለፈችው፤ ንጉሡም ልጇን አስገደለው። አንዲት የወሎ ኦሮሞ ሙስሊም ሴት አገር ስታስተዳድር፣ በአንድ ቀን ውሳኔዋ የኢትዮጵያን መንግሥት መንገድ ስትለውጥ፣ ዋጋውንም በልጇ ደም ስትከፍል ታሪካችን መዝግቦ ይዟል። የ2019ኟ ያስሚን ትናገራለች፣ ታሸንፋለች፣ የምትከፍለው ግን ምንም የለም፤ ሥልጣን ከዘፈን በኋላ እንደ ስጦታ ይመጣላታል። ተዋናይቱ ፊቷ ብዙ ሐዘን ሊሸከም የሚችል ሆኖ ሳለ ፊልሙ ያን ሸክም አልሰጣትም፤ ቅር የሚለኝም እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም ፊልሞች በአንድነት የበደሉት ሰው ደግሞ አለ፤ የአላዲን እናት ናት። በዲያብና በጋላን ተረት ከአላዲን ቀጥሎ ትልቁን ሥራ የምትሠራው እርሷ ናት፤ ልጇ የሡልጣኑን ልጅ ልታጭለት ሲልካት፣ የከበሩ ድንጋዮችን በሳሕን አድርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ወደ ችሎቱ ትሄዳለች፣ ሳትናገርም ከሕዝቡ ጋር ቆማ ትመለሳለች፣ ደግሞም ትሄዳለች፤ ብዙ ቀን ከተመላለሰች በኋላ ሡልጣኑ ራሱ አይቷት ያስጠራታል። ሽማግሌ ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ ልጅ የሚያጭ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ የሚገባው ትዕይንት የለም። የዲዝኒ ባለ ግጥም ሃዋርድ አሽማን ልጁ ለእናቱ የሚዘፍነውን ዘፈን ደርሶ ነበር፤ እርሱ በ1991 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ግን እናቲቱ ከታሪኩ ወጣች፣ ዘፈኑም አብሮ ወጣ። የ2019ኙ ፊልም የ38 ደቂቃ ያህል ጭማሪ ጊዜ አግኝቶ ሳለ አልመለሳትም፤ አላዲንን የሙት ልጅ፣ ያስሚንንም እናቷ የሞተችባት አድርጎ አስቀረ። ተዋናይ ከሥዕል ይልቅ አሳምሮ ሊሸከመው የሚችለው አንዱ ነገር በሕዝብ መካከል ቆማ ዝም ያለች እናት ፊት ነበር።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ፊተኛው ፊልም ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ኋለኛው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ኩባንያዎች የድሮውን ተረት ደግመው ደጋግመው የሚሠሩበት ምክንያት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ለከሚሴ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ የእኛም ተረት በዚሁ መንገድ ማለፉ የማይቀር ነው እላለሁ፤ ከፊሉም አልፏል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጠው ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ አንበሳውንም ጦጣውንም የሚያሳዩት በድምፃቸውና በፊታቸው ነበር፤ ምንም የካሜራ ጥበብ ሳይጨመር ልጁ አንበሳውን ያየው ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት በጨርቅ የተሠራች ቀጭኔ አምጥቶ ልጆችን አስተምሯል፤ ቀጭኔዋ ጨርቅ መሆኗን ማንም አልደበቀም፣ ማንም ልጅም ስለዚህ አልጠላትም።

በደዋ ጨፋና በአርጡማ ፉርሲ፣ በጂሌ ጥሙጋና በደዌ ሐረዋ፣ በባቲም ያሉ አረጋውያን የሚያውቁት ተረት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በእጅ ስልክ ድምፅ ሊቀዳ ይችላል፤ ተማሪዎች ሲቀዱ የተናጋሪውን ስምና መንደር ከተረቱ ጋር አብረው እንዲጽፉ አደራ እላለሁ። ከዚያ በኋላ የፊልሙ ጥያቄ ይመጣል። በብዙ የአገራችን ክፍል የሚነገረውን፣ የእንጀራ ልጇን ፍቅር ያጣችውን ሴት ተረት ውሰዱ፤ ሽማግሌው የአንበሳ ጠጉር አምጪ ይላታል፣ እርሷም በየቀኑ ሥጋ እየጣለች፣ በየቀኑ ትንሽ እየቀረበች፣ በመጨረሻ ጠጉሩን ትነቅላለች። ይህን አንበሳ እንዴት እናሳየው? በዚያው በ2019 ዓ.ም. ዲዝኒ «የአንበሳው ንጉሥ»ን እውነተኛ አንበሳ በሚመስል የኮምፒዩተር ሥዕል ደግሞ ሲሠራ፣ አንበሶቹ ከመምሰላቸው ብዛት ፊታቸው ላይ ሐዘንና ደስታ መለየት አስቸገረ። እኔ ብመርጥ ሴቲቱን በዚህ አገር ተዋናይት፣ በጨፋ ሣር መካከል፣ አንበሳውን ግን በሥዕል አደርገዋለሁ፤ ሰውና ሥዕል በአንድ ፊልም ማገናኘት ከ1964ቱ «ሜሪ ፖፒንስ» በፊትም የታወቀ ጥበብ ነው። የሚከብደው እጇ ጠጉሩን የምትነካበት ቅጽበት ነው፤ እዚያ ላይ ሠዓሊውና ተዋናይቱ አብረው መሥራት አለባቸው፣ እርሷ በባዶ አየር ላይ የዘረጋችው እጅ ክብደት እንዲኖረው፣ እርሱም በዚያ ክብደት ልክ አንበሳውን እንዲያጐነብሰው። ሥዕል የሚሥል፣ ወይም በስልኩም ቢሆን ሥዕል ማንቀሳቀስ የተማረ ወጣት ከመካከላችሁ ካለ፣ ጥያቄና መልሱ ሲያልቅ እዚሁ ቢጠብቀኝ ስለዚህ ትዕይንት ከእርሱ ጋር መነጋገር እወዳለሁ።